የአየር ማጣሪያ፣ የሞተር ጉልበትና የጆሮ ምስክርነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የአውቶሞቢል ሞተር እንደ ማንኛውም እሳት አየር ካላገኘ አይነድም። ይህን የማያውቅ ባለመኪና የለም። ሁሉም ከሚያውቀው ከዚህ እውነት ተነሥቶ፣ «እንግዲያው የአየሩ መግቢያ ቢሰፋ ጉልበቱ ይጨምራል» ወደሚል መደምደሚያ መድረስም ቀላል ነው። በመለዋወጫ ገበያ ከፋብሪካው ማጣሪያ በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚሸጡት፣ በዘይት ከራሰ የጥጥ ሻሽ ወይም ከስፖንጅ የተሠሩት፣ አንዳንዶቹም ያለ መያዣ ሣጥን ኮፈኑ ሥር ተጋልጠው የሚተከሉት ሾጣጣ ማጣሪያዎች ገዢ የሚያገኙት ይህ መደምደሚያ እውነት ስለሚመስል ነው። ያስተከለው ሰውም ብዙውን ጊዜ ረክቶ ይሄዳል። መኪናው ሲነሣ ያገሣል፤ ባለቤቱም «አሁን ገና ጉልበት አገኘ» ይላል።

የዚህ ንግግር ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ የጨመረው ጉልበቱ ነው ወይስ ድምፁ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሙያውን ታማኝነትና የሞተርን ዕድሜ የሚነካ ነው። በተለይም በጥር 2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በአገሪቱ መንገዶች ላይ የሚሽከረከረው የቤንዚን ሞተር እንደ ቀድሞው በአዲስ ይተካል ተብሎ የሚተው ዕቃ አይደለም። ፋሻውና ካሚቻው ከመበላት የሚድንበት መንገድ ሁሉ ለባለቤቱ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር መጀመሪያ ሞተሩ ምን ያህል አየር እንደሚጠጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለ 2,000 ሲሲ ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ 2 ሊትር አየር ይስባል። በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር እንግዲህ በስሌት 6,000 ሊትር፣ ማለትም በሰከንድ 100 ሊትር አየር ይመጠምጣል። ይህ ሁሉ አየር በማጣሪያው ውስጥ ማለፍ ስላለበት ማጣሪያው ጥቂትም ቢሆን መከላከሉ አይቀርም። የመከላከሉም መጠን የሚለካው አየሩ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ባለው የግፊት ልዩነት ነው።

በደህና ሁኔታ ላይ በሚገኝ የፋብሪካ ወረቀት ማጣሪያ ይህ ልዩነት፣ የቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ላይ ሳለ እንኳ፣ ለስሌት ያህል 2 ኪሎ ፓስካል ነው ቢባል፣ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 101 ኪሎ ፓስካል የአየር ግፊት ከመቶ ሁለት ገደማ ማለት ነው። አዲሱ ማጣሪያ ይህን መከላከል በግማሽ ቢቀንሰው ትርፉ ከመቶ አንድ ይሆናል። 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 101 ሆነ ማለት ነው። ማጣሪያው ከነጭራሹ ወጥቶ ቢጣልም ትርፉ ከመቶ ሁለት አያልፍም። ይህን ያህል ለውጥ የሚያውቀው የመለኪያ መሣሪያ እንጂ በመቀመጫው ላይ ያለው ሹፌር አይደለም።

ከዚህም በላይ ይህ ትንሽ ትርፍ የሚገኘው መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ብቻ ነው። በከተማ መንገድ ላይ ሹፌሩ የሚረግጠው ጥቂት ነው፤ የሚገባውንም አየር የሚወስነው በመስጫው የሚታዘዘው ቢራቢሮ ቫልቭ ነው። በሩ በከፊል ተዘግቶ ሳለ ከበሩ በስተውጭ ያለውን መንገድ ማስፋት ለሞተሩ የሚጨምርለት ነገር የለም። ሹፌሩ ተጨማሪ ጉልበት ሲፈልግ መስጫውን ትንሽ ጠበቅ አድርጎ መርገጥ ይበቃዋል።

ስለ ነዳጅ ቁጠባ የሚነገረውም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባዋል። የአሜሪካው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የምርመራ ውጤት መሠረት፣ በኮምፒዩተር በሚታዘዙ የመርጫ ሞተሮች ላይ ማጣሪያው ሲደፈን የነዳጅ ፍጆታው በሚታይ መጠን አልጨመረም፤ የቀነሰው የመፍጠን ችሎታው ነው። የተደፈነውን በንጹሕ መተካት መኪናው ፍጥነት ለመጨመር የሚወስድበትን ጊዜ ከመቶ 6 እስከ 11 አሻሽሏል። በካርቡራተር በሚሠራው አሮጌ ሞተር ላይ ግን የተደፈነ ማጣሪያ ነዳጅም አስባክኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አዲሱ ሞተር የገባለትን አየር ለክቶ ነዳጁን ስለሚመጥን አየሩ ቢያንስ ነዳጁም ያንሳል፤ ካርቡራተሩ ግን አየሩ ሲያንሰው ቤንዚኑን ያበዛል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለጋራዥ ሥራ ጠቃሚ ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው በተደፈነና በንጹሕ ማጣሪያ መካከል እንጂ በንጹሕ የወረቀትና በንጹሕ የጥጥ ማጣሪያ መካከል አይደለም። ባለመኪናው አሮጌውን የታፈነ ወረቀት አስጥሎ ውዱን ማጣሪያ ሲያስገባ የሚያገኘውን ለውጥ፣ በርካሹ አዲስ ወረቀትም ባገኘው ነበር።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ለሚሠራ ሞተር ደግሞ ሌላ ሚዛን አለ። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ከጂቡቲ ወደብ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና እንግዲህ በመንገድ ላይ 25 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ጥሎ ይመጣል። ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተርም የጉልበቱን አንድ አራተኛ ያህል በዚሁ ያጣል። ከላይ በተሰጠው ስሌት ማጣሪያው የሚወስደው 2 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ ከፍታው የሚወስደው ከአሥራ ሁለት እጥፍ በላይ ነው። «መኪናዬ ዳገት ላይ ደከመች» የሚለው ባለመኪና እውነቱን ነው፤ ድካሟን ግን በማጣሪያው ላይ ማላከክ ስሕተት ነው። ቀጭን አየርን በብዛት ገፍቶ ለማስገባት ተርቦ ወይም ሌላ መጭመቂያ ያስፈልጋል፤ ማጣሪያ አየርን ያሳልፋል እንጂ አይጨምቅም።

አሁን ወደ ድምፁ መምጣት ይቻላል፤ በዚህ በኩል የሻጮቹ ቃል እውነት ነው። የመግቢያ ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር ፒስቶኑ አየሩን ሲስብ በቧንቧው ውስጥ የግፊት ምት ይፈጠራል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚስብ፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ በሰከንድ 100 ምቶች፣ በ6,000 ዙር ላይ ደግሞ 200 ምቶች በቧንቧው አፍ ይወጣሉ። ጆሮ ይህን እንደ ጎርናና ድምፅ ይሰማዋል። የፋብሪካው የማጣሪያ ሣጥን የተሠራው ማጣሪያውን ለመያዝ ብቻ አይደለም። ማርሚታ ለጭስ ማውጫው የሚሠራውን ሥራ ይህ ሣጥን ለአየር ማስገቢያው ይሠራል። በቧንቧው ጎን ላይ ተለጥፎ የሚታየውና ብዙ ሰው «ትርፍ ነው» ብሎ የሚነቅለው ባዶ የፕላስቲክ እቃም ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው መቶ ዓመት ባጠናው ሕግ የሚሠራ ነው። ሰው በጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲል ጠርሙሱ በአንድ በተወሰነ ድምፅ እንደሚጮኽ ሁሉ፣ ያ ባዶ እቃም በመጠኑ ልክ የተወሰነውን ድምፅ ይዞ ያስቀራል። ሣጥኑና ይህ እቃ ወጥተው ሾጣጣው ማጣሪያ ብቻውን ሲቀር፣ ድሮም የነበረው ድምፅ ያለ ከልካይ ይወጣል። ሞተሩ አዲስ ድምፅ አላመጣም፤ የተነሣው መሸፈኛው ነው።

የሰው ልጅ ግን ፍጥነትን የሚገምተው በዓይኑ ብቻ አይደለም። ጩኸቱ የበረታ መኪና የፈጠነ ይመስለዋል። ይህን የመኪና ፋብሪካዎች ራሳቸው አሳምረው ያውቃሉ። ቢ ኤም ደብሊው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ኤም 5 መኪና ላይ የሞተሩን ድምፅ በሬዲዮው ድምፅ ማጉያ በኩል ለሹፌሩ እንዲሰማ አድርጓል። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ባቀረበው 86 በተባለው መኪና ላይ የማስገቢያውን ድምፅ ወደ ሹፌሩ ክፍል የሚያደርስ ልዩ ቧንቧ ገጥሟል። ሁለቱም ለጉልበት የተደረጉ አይደሉም፤ ለጆሮ ደስታ የተደረጉ ናቸው። በጆሮ ደስታም ነውር የለበትም። ነውሩ ድምፅን በጉልበት ስም መሸጥ ነው።

ያለ ሣጥን የሚተከለው ማጣሪያ እንዲያውም ጉልበት ሊቀንስ የሚችልበት ጊዜ አለ። የፋብሪካው ቧንቧ አየሩን የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት መብራቱ አጠገብ ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ፣ የሞተሩ ሙቀት ከማይደርስበት ስፍራ ነው። የተጋለጠው ማጣሪያ ግን የሚስበው በኮፈኑ ሥር የሞቀውን አየር ነው። አየር ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ክብደቱ በይዘት ሲለካ ከመቶ 9 ያህል ይቀንሳል። ከመከላከል መቀነስ የተገኘው ከመቶ አንድ፣ በሙቀቱ በኩል ብዙ እጥፍ ሆኖ ሊሄድ ይችላል። በትራፊክ ጭንቅንቅ ቆሞ የሚሞቅ የከተማ መኪና ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የአቧራው ጉዳይ ነው። የማጣሪያ የመጀመሪያ ተግባሩ አየርን ማሳለፍ ሳይሆን አቧራን መያዝ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአቧራ ውስጥ የሚገኘው የሲሊካ አሸዋ ከፋሻና ከካሚቻ ብረት የሚጠነክር ስለሆነ፣ በዘይቱ ሽፋን መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይፈገፍጋል። ከሁሉም ይልቅ ጎጂው፣ መጠኑ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሆነው፣ በዓይን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ነው።

እዚህ ላይ ቀላል የሚመስለው የመቶኛ ቁጥር ያታልላል። አንዱ ማጣሪያ ከአቧራው ከመቶ 99.5፣ ሌላው ከመቶ 98 የሚይዝ ቢሆን፣ ልዩነቱ ከመቶ አንድ ተኩል ብቻ ይመስላል። ሞተሩን የሚጎዳው ግን የተያዘው ሳይሆን ያመለጠው ነው። ከመጀመሪያው ከመቶ ግማሽ፣ ከሁለተኛው ከመቶ ሁለት ያመልጣል፤ ማለትም ሁለተኛው አራት እጥፍ አቧራ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ደህና የወረቀት ማጣሪያ ከመቶ 99 በላይ መያዝ የተለመደ ችሎታው ነው፤ መከላከልን ለመቀነስ ተብሎ ቀዳዳው የሰፋ ማጣሪያ ግን ከዚህ ዝቅ ማለቱ ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። የማጣሪያዎችን ችሎታ በአንድ ዓይነት መንገድ ለመመርመር የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይሶ 5011 ይባላል። ሻጭ «ከመቶ ይህን ያህል ይይዛል» ሲል፣ በዚህ ደረጃ መሠረት በየትኛው የአቧራ ዓይነት እንደተመረመረ መጠየቅ የባለሙያ መብትና ግዴታ ነው።

ለስሌት ያህል በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ መኪና ይወሰድ። በ10,000 ኪሎ ሜትር 1,000 ሊትር ያቃጥላል። አንድ ሊትር ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 11 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ አየር በባሕር ጠለል ላይ 9,000 ሊትር ያህል ስፍራ ሲይዝ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግን ቀጭን በመሆኑ ወደ 12,000 ሊትር ይደርሳል። ስለዚህ የደጋው ሞተር ለአንድ ዓይነት ነዳጅ በይዘት አንድ ሦስተኛ የሚበልጥ አየር ይስባል፤ የአየሩ አቧራ እኩል ቢሆን አቧራውም በዚያው ልክ ይጨምራል። መኪናው በጠጠር መንገድ የሚሄድ ሆኖ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አቧራ አለ ቢባል፣ በ10,000 ኪሎ ሜትር ወደ ማጣሪያው የሚመጣው 120 ግራም ነው። የመጀመሪያው ማጣሪያ ከዚህ 0.6 ግራም፣ ሁለተኛው 2.4 ግራም ያሳልፋል። ከጭነት መኪና ኋላ በአቧራ ደመና ውስጥ ለሚነዳ መኪና ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። ከመቶ አንድ ጉልበት ተገኘ ተብሎ በካሚቻው ላይ የሚገባው አሸዋ አራት እጥፍ ከሆነ፣ ነገሩ ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ሥራ ይሆናል።

በዘይት የራሰው ማጣሪያ ሌላም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ስለሆነ፣ ሲደርቅ የመያዝ ችሎታው ይወርዳል፤ ስለዚህ በየጊዜው በራሱ ማጽጃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በራሱ ዘይት በልኩ መቀባት አለበት። በቤንዚን ቢታጠብ ወይም በሞተር ዘይት ቢነከር ይበላሻል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲበዛ ደግሞ ተነጥቆ ሄዶ አየሩን በሚለካው የጋለ ሽቦ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። የቆሸሸው ሽቦ የገባውን አየር አሳንሶ ስለሚያስታውቅ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይንተፋተፋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ማጣሪያዎቹ ለማንም አይጠቅሙም ማለት አይደለም። የእነዚህ ማጣሪያዎች ዝና የተገኘው በእሽቅድምድም ዓለም ነው። በእነዚህ ሥራዎች በጣም የታወቀው ኬ ኤንድ ኤን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ፣ በሪቨርሳይድ ከተማ የተመሠረተ ነው። የእሽቅድምድም ሞተር መስጫው ተረግጦ ነው የሚውለው፤ ከመቶ አንድም አንደኛና ሁለተኛን ይለያል፤ ሞተሩም በየጊዜው ወርዶ ይታደሳል። ካምሻፍቱ፣ የጭስ ማውጫውና የነዳጅ አሰጣጡ ተለውጠው ከፋብሪካው መጠን እጅግ የበለጠ አየር ለሚስብ ሞተርም የቀድሞው ማጣሪያ ሊጠብበት ይችላል። የዕለት ተዕለት መኪና ግን ሥራውም ዕድሜውም ሌላ ነው።

ማኅበርተኞች ይህን ሁሉ በቃል ብቻ ተቀብለው እንዲሄዱ አይጠበቅም፤ በየጋራዡ በትንሽ ወጪ ሊፈተን የሚችል ነውና። ከማጣሪያው በኋላ፣ ከቢራቢሮ ቫልቩ በፊት ባለው ቧንቧ ላይ ቀጭን ጎማ ይገጠማል። የጎማው ሌላ ጫፍ በዩ ቅርጽ ከታጠፈና እስከ ግማሽ ውኃ ከተሞላ ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ጋር ይያያዛል። የቱቦው ክንዶች እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ያህል ቢረዝሙ ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ ይጠብቃል። መኪናው ነጻ በሆነ መንገድ ላይ መስጫው ተረግጦ ሲሄድ፣ ከሹፌሩ ሌላ የተቀመጠ ሰው በሁለቱ ክንዶች ያለውን የውኃ ከፍታ ልዩነት ያነባል። 100 ሚሊ ሜትር ማለት 1 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ልዩነቱ ከ150 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ እንኳ ማናቸውም ማጣሪያ ከመቶ ሁለት በላይ ሊጨምር እንደማይችል ለባለመኪናው በዓይኑ ማሳየት ይቻላል። ከዚህ በጣም የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ የተደፈነው ወረቀት ይለወጥ፤ እውነተኛው መድኃኒት እዚያ ነው።

ከዚሁ ጋር ስለ ወረቀቱ አያያዝ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ማጣሪያን በመሬት ላይ መደብደብና በኃይለኛ የኮምፕሬሰር አየር መንፋት ወረቀቱን ይቀደዋል፤ የተቀደደው ደግሞ ከማንኛውም የጥጥ ማጣሪያ የባሰ ጠላት ነው። የግድ መነፋት ካለበት ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት፣ ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ወገን ይነፋል፤ ከዚያም በውስጡ አምፖል ገብቶ ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ እንዳለበት ይታያል። የሣጥኑ ክዳንና የጎማው ማሠሪያም በደንብ መግጠማቸው ይፈተሻል፤ በጎን የሚገባ አየር ያልተጣራ ነውና። በጠጠር መንገድ የሚውል መኪና ባለቤት ለአየር ማስገቢያው ገንዘብ ማውጣት ከፈለገ፣ አየሩን ከጎማ አቧራ በላይ ከፍ አድርጎ የሚቀበል ቧንቧና ከባዱን አቧራ እያሽከረከረ የሚጥል ቅድመ ማጣሪያ የተሻለ ዋጋ አላቸው።

ባለሙያ ከመካኒክነት እስከ መሐንዲስነት የሚከበረው ደንበኛው ሊሰማ የሚወደውን በመናገሩ አይደለም። ባለመኪናው የሞተሩን ግሣት ከወደደ ደስታው የራሱ ነው፤ ዋጋው በብርም በአቧራም ምን ያህል እንደሆነ ከተነገረው በኋላ መርጦ ይግዛ። ጉልበት ፈልጎ የመጣ እንደሆነ ግን ጆሮው ምስክር እንደማይሆነው በውኃው ቱቦ ይታየው፤ የተደፈነው በንጹሕ ይተካለት፤ የተዘነጋው ካንዴላና የታየር ነፋስም ይታይለት። ሞተሩ ብዙ ዓመት የሚያገለግለው ሰው፣ ያንን ምክር የሰጠውን ጋራዥ አይረሳም።